የመጨረሻዋ መርከብ መቼ ትነሣለች?



በዚህ ትምህርት በአደጋ ጊዜ ለጋዜጠኞች ስለሚሰጥ ቃል እንነጋገራለን። ምሳሌ የምናደርጋት በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ያለችውን የኦክራኮክ ደሴት ነው። ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግር ድልድይ የለም። ሰው መኪናውን ይዞ የሚሻገረው በግዛቱ መንግሥት ማመላለሻ መርከቦች ነው። ነፋሱ ሲበረታ ግን መርከቦቹ ይቆማሉ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2019 ዶሪያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በኬፕ ሃተራስ ሲያልፍ ውሃው በድንገት ገንፍሎ የኦክራኮክን ቤቶች አጥለቀለቀ። በዚያ ሰዓት መሻገር አይቻልም ነበር፤ ለመውጣት የሚቻለው አስቀድሞ ነበር። እንግዲህ የመርከብ አገልግሎት በሬዲዮና በጋዜጣ የሚያሰማው ቃል ራሱ የማዳን ሥራ ነው። ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

1ኛ. ማቆሚያውን አስቀድሞ መናገር። «አየሩ ከተበላሸ እናቆማለን» ማለት አይበቃም። «እስከዚህ ሰዓት ለመሥራት አስበናል፤ ነፋሱ ከቀደመ ግን ቀድመን እናቆማለን፤ የመጨረሻዋን መርከብ አትጠብቁ» ማለት ይገባል። ሕዝቡን የሚያስጨንቀውንም መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ሰው እንዲወጣ ሲታዘዝ የመርከቡ ክፍያ ይነሣል፤ ቀጠሮም ይቀርና ቀድሞ የደረሰ ይሳፈራል። ይህን ያልሰማ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ እቤቱ ሊቀር ይችላል።

2ኛ. በአንድ አፍ መናገር። ካፒቴኑ አንድ ሰዓት፥ የወደቡ ሠራተኛ ሌላ ሰዓት፥ ቢሮው ሦስተኛ ሰዓት ቢናገሩ ሕዝቡ የቱን ይመን? ስለዚህ አንድ ተናጋሪ ይመረጣል፤ ሌሎቹ ጋዜጠኛውን በትሕትና ወደ እርሱ ይመራሉ። መግለጫው ሁሉ የተሰጠበትን ሰዓትና ቀጣዩ የሚሰጥበትን ሰዓት ይያዝ። አዲስ ነገር ባይኖርም በተባለው ሰዓት መቅረብ ያስፈልጋል፤ ዝም ባልን ቁጥር ቦታውን ወሬ ይሞላዋልና።

3ኛ. ያልተቆጠረ ቁጥር አለመስጠት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2014 በደቡብ ኮሪያ ሴዎል የተባለች መርከብ 476 ሰዎችን እንደ ጫነች ሰጠመች። አደጋው በማዕበል የመጣ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። በዚያው ጠዋት «ተማሪዎቹ በሙሉ ድነዋል» የሚል ዜና ተሰማ። ዜናው ሐሰት ነበር። የሞቱትና የጠፉት 304 ሲሆኑ፥ ከእነርሱ 250ዎቹ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ልጄ ተርፏል ብሎ እፎይ ያለ ወላጅ ያን ዕለት ልቡ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላልና፥ «ገና እየቆጠርን ነው» ማለት አያሳፍርም።

እኛ በእርዳታ ሥራ ያለን ሰዎች መርከብ ባይኖረንም ማይክሮፎን ይቀርብልናል። የመጣው እህል ሳይቆጠር «ለሁሉም ይዳረሳል» ለማለት እንቸኩላለን። ያን ቃል አምና ከሩቅ መንደር ልጅ አዝላ የምትመጣ እናት ባዶ እጇን ብትመለስ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ለውይይት፦

ሀ. በፕሮጀክታችን አደጋ ቢደርስ ለጋዜጠኞች የሚናገረው ማን ነው? ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል?

ለ. ሬዲዮ ለሌላቸው ቤተሰቦች መልእክቱ በማን በኩል ይደርሳል?

ሐ. ሳናጣራ የተናገርነው ቃል አለ? እንዴትስ አረምነው?