መቃብር ለመሳለም የሚሄድ እንግዳ ምን ይጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ እንግዶች አምቦ የተቀበረውን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መቃብር ማየት ፈልገዋል። እንደ ነውር የሚቆጠረው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ፣ ሰኔ 25 በትውልድ ከተማው ተቀበረ። ስመ ጥር በመሆኑ መቃብሩ የሁሉም ይመስላል፤ ለቤተሰቡ ግን ገና ያልደረቀ ሐዘን ነው። የሚያለቅስ ሰው ካለ እንግዳው ራቅ ብሎ ይቆያል፣ ስልኩንም ከኪሱ አያወጣም። ፎቶ ከፈለገ አስቀድሞ ጠባቂውን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅዳል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ብዙ የኦርቶዶክስ መቃብር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ባርኔጣ ይወልቃል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ከደጁ ተሳልሞ ይገባል። ፍትሐት እየተደረሰ በካህናቱ መሐል ማቋረጥ፣ ሐውልት ላይ መቀመጥ ወይም ጃኬት ማንጠልጠል ያስወቅሳል። «ነፍስ ይማር» ማለት ይበቃል።

በሙስሊም መቃብር ሙታን በሰላምታ ይታሰባሉ፤ መቃብር መርገጥና ላዩ መቀመጥ የተከለከለ ነው።

አምቦ አካባቢ የተወለደውን ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሚፈልጉ ግን መቃብሩን የሚያገኙት አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።