ማቀዝቀዣ የያዘውን አመዳይ በራሱ ስለሚያቀልጥበት ብልሃት

ለከብት የሚሰጥ ክትባት ኃይሉ ቢጠፋ በዓይን አይታወቅም። ጠርሙሱም መልኩም እንደ ቀድሞው ነው፤ የተወጋው በሬ ግን ከበሽታው አይድንም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ በፈጀ ጊዜ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እንደ ተከተለ ይታወቃል። ያው በሽታ በክትባት ብርታት ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ተነገረ። እንግዲህ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ የሹሙም ጉዳይ ነው እንጂ ለባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛውም በ2001 ተጨመረ። ኤሌክትሪክ በደረሰበት ስፍራ ማቀዝቀዣም ይከተላል፤ ከማቀዝቀዣም ጋራ አመዳይ ይመጣል።

የአመዳዩ ምክንያት እንዲህ ነው። በሩ በተከፈተ ቍጥር እርጥበት ያለው አየር ይገባል፤ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ የጎጃም አየር እርጥበቱ ብዙ ነው። ይህ እርጥበት ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘውን ቧንቧ ሲነካ፥ በጥቅምት ሌሊት በደጋ ሣር ላይ እንደሚያርፈው ሁሉ፥ አመዳይ ሆኖ ይይዛል። አመዳዩ ሲወፍር ቧንቧውን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ በዚህም ምክንያት የውስጡ ሙቀት ወደ ቧንቧው ሊደርስ አይችልም። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፥ ኤሌክትሪክ ይባክናል፥ ሳጥኑም ይሞቃል። እንግዲህ ብርዱን የሚከለክለው በረዶው ራሱ መሆኑ ነው።

አመዳዩን በራሱ የሚያቀልጠው ማቀዝቀዣ ለዚህ የተበጀለት መድኃኒት የሚያስገርም ነው፤ ብርድ በሚሠራው ቧንቧ አጠገብ የማሞቂያ ሽቦ ተደርጎበታል። ሰዓት ቈጣሪው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ከቈጠረ በኋላ ሞተሩንና ማራገቢያውን አቁሞ ሽቦውን ያግላል። አመዳዩ ቀልጦ ቧንቧው ጥቂት ዲግሪ ከዜሮ በላይ ሲሞቅ፥ ሙቀት የሚያውቅ መቍረጫ ሽቦውን ያጠፋዋል። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ውሃው በቀጭን ቦይ ወርዶ በሞተሩ አጠገብ ካለ ገበታ ይጠራቀማል፤ በሞተሩም ሙቀት ይተናል። በአዲሶቹ ዓይነቶች ደግሞ በሩ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ተቈጥሮ የማቅለጫው ጊዜ ይወሰናል።

መብራት በሚቋረጥበት አገር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሚያቀልጥበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፥ የቀድሞው ዓይነት ሰዓት ቈጣሪ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ ገና አይጀምርም። ስለዚህ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ዝም ቢል ተበላሸ ተብሎ ሊፈታ አይገባም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። የኋላው ግድግዳ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ቢገኝ ግን ሽቦው፥ መቍረጫው ወይም ሰዓት ቈጣሪው መበላሸቱ ነው፤ ውሃ በሳጥኑ ወለል ቢተኛ ቦዩ ተደፍኗል። አመዳዩን በቢላዋ መፋቅ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል፤ ቧንቧው ከተበሳ የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ይወጣና ዕቃው ከንቱ ይሆናል።

ለክትባት የሚገዛው የትኛው ነው ቢባል፥ መብራት ዘወትር በሚጠፋበት ወረዳ በላይ የሚከፈተው ሳጥን ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ክዳኑ ሲነሣ አይፈስም፤ አመዳዩም ጥቂት ነው። ይህ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚቀለጥ ስለ ሆነ፥ አመዳዩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲወፍር ክትባቱ በረዶ ወዳለበት የጉዞ ሳጥን ተዛውሮ ዕቃው ይጠፋ፥ ክዳኑም ተከፍቶ ይቅለጥ። የአፍና የእግር በሽታ ክትባት ግን በረዶ ከሆነ ይበላሻልና በረዶው እንዳይነካው በወፍራም ጨርቅ ይለይ። ሥፍራው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ የሙቀት መለኪያውም ጧትና ማታ ተነብቦ በመዝገብ ይጻፍ፤ የወረዳው ሹም ለጕብኝት በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ መዝገብ ይሁን።