የተሰወረ ደዌ

በጌዴኦ ምድር ከጥቅምት ወር ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ዲላ ከተማ እንግዳ ይበዛባታል። ነጋዴውም፥ የቀን ሠራተኛውም፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው የጭነት መኪና ነጂም ያድርባታል። ይህ ለአገር ሲሳይ ነው። ነገር ግን ከቤቱ የራቀ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ፈተናም ያገኘዋልና፥ ስለ አባለ ዘር በሽታዎች ዝም ልንል አይገባንም።

ከእነዚህ አንዱ ቂጥኝ ነው። በመጀመሪያ ሕመም የሌለው ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉም ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ሰውየውም ዳንሁ ብሎ ይደሰታል። ደዌው ግን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። በነፍሰ ጡር ላይ ሲገኝም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ ሕፃኑ ሞቶ ወይም ታምሞ ሊወለድ ይችላል። ጨብጥም ባልታከመች እናት ላይ ሲሆን፥ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑን ዓይን ይዞ እስከ ማሳወር ይደርሳል። እንግዲህ በትዳሯ የታመነች ሚስትና ያልበደለ ሕፃን የሚያዙበትን በሽታ አይተን፥ በታመመው ሁሉ ላይ ልንፈርድ እንዴት ይቻለናል?

ቂጥኝ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በፔኒሲሊን መርፌም ይድናል። ነገር ግን ባልና ሚስት በአንድነት ካልታከሙ አንዱ ሌላውን መልሶ ያስይዘዋል። ኤች አይ ቪን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት ለሁሉ የሚዳረስ ሆኖ ገና አልተገኘም፤ ሆኖም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በጤና ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። ስለዚህም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክም ባለመድኃኒትን እንድናከብር ያስተምረናልና፥ ጸበልና ሕክምና አይጣሉም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቂያው ንጽሕናና በአንድ ትዳር መጽናት መሆኑን ማስተማር ግዴታችን ነው። የወደቀውን ማንሣትም እንዲሁ ግዴታችን ነው። የንስሐ አባት የልጁን ኃጢአት በሚሰማበት ጊዜ ስለ ሥጋውም ይጠይቀው፤ ምሥጢሩን ጠብቆ ወደ ሐኪም ይላከው። እጮኛሞች ከተክሊል በፊት፥ ነፍሰ ጡሮችም ገና በፅንሱ መጀመሪያ ይመርመሩ ዘንድ እንምከር። በኀፍረት ምክንያት አንድ ሕፃን ቢሞት ዝም ያልን እኛም ተጠያቂዎች ነን። አምላካችን ከዚህ ይጠብቀን።