የንስሩ ኮከብ ስም ከየት መጣ?

በመቀሌ ከተማ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ አሉላ አባ ነጋ ይባላል። አሉላ፣ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል የመቱት ራስ አሉላ እንግዳ ናቸው። አባ ነጋ ደግሞ የፈረስ ስማቸው ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው አባ ነጋ ድምፅ ብቻ ነው፤ ለሚያውቅ ግን ፈረሱም ጌታውም ይታዩታል። የከዋክብትም ስም እንደዚሁ ነው። አልታይር ሲባል የፈረንጅ ቃል ይመስላል። አይደለም።

በመስቀል ሰሞን ሰማዩ ከጠራና ጨረቃ ከሌለች፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከማረፊያው መብራት ራቅ ብላችሁ ቀና በሉ። ከአናታችሁ በላይ አንድ ደማቅ ኮከብ አለ። ግራና ቀኙን ደብዘዝ ያሉ ሁለት ከዋክብት ይዘውታል። ዐረቦች ሦስቱን ክንፉን የዘረጋ ወፍ አድርገው አዩአቸውና «አን-ነስር አጥ-ጣኢር» አሉ፤ የሚበር ንስር ማለት ነው። ነስር የኛው ንስር ነው። ጣኢርም ቢሆን ብዙ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች አውሮፕላንን ጠያራ ሲሉ የሰማ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ሁለቱም ከመብረር የመጡ ናቸው።

ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞር ስትሉ ደግሞ ከዚያ የበለጠ የደመቀ ኮከብ አለ። እሱን «አን-ነስር አል-ዋቂዕ» አሉት፤ ክንፉን ሰብስቦ የሚወርድ ንስር። ዋቂዕ በላቲን ጸሐፊዎች እጅ አልፎ ዛሬ ቬጋ ሆኗል። እንግዲህ አንዱ ንስር ይበራል፣ አንዱ ሊያርፍ ይወርዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በላይ መገጣጠማቸው ደስ ይላል።

ጠያራ ከዐረብኛ የተዋስነው ቃል ነው። ንስርን ግን ከማንም አልተበደርንም። ዐረብኛ፣ ግዕዝ፣ ትግርኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቃሉን ሁሉም ከጥንት ወርሰውታል።

ስሞቹ ወደ ፈረንጅ አገር የሄዱት በመጽሐፍ ነው። አብዱራህማን አስ-ሱፊ የተባለ የፋርስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ964 የከዋክብትን ስምና ቦታ በዐረብኛ ጻፈ። በኋላም የዐረብኛ መጻሕፍት በስፔን በኩል ወደ ላቲን ተተረጎሙ። አውሮፕላን ነጂዎች እንኳ በሌሊት አቅጣጫ ለማወቅ የኮከብን ከፍታ በመሣሪያ ይለኩ በነበረበት ዘመን፣ በሠንጠረዣቸው ላይ አልታይርና ቬጋ ተጽፈው ነበር።

አንዱ ስም ግን በመንገድ ላይ ተበላሸ። ዐረቦች «የድ አል-ጀውዛእ» ይሉት የነበረ ኮከብ አለ። ጀውዛእ በሰማይ ላይ የሚታይ የግዙፍ ሰው ሥዕል ነው። የድ በግዕዝ እድ፣ መቀሌ ላይ ኢድ፣ በአማርኛ እጅ ነው። በዐረብኛ ፊደል «የ» በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ከሥሩ ሁለት ነጥብ አለው፤ «በ» ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አንባቢው አንዷን ነጥብ ሳታትና «በድ» ብሎ አነበበ። ድ ላይ ምልክት ሲጨመር ጅ እንደሚሆን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል፤ ትንሽ ጭረት ቃል ትለውጣለች። ይኸው እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ቤቴልጅዩዝ ይባላል፤ እጁ ከስሙ ውስጥ ጠፍቷል። በጥር ወር ማታ በምሥራቅ በኩል በአንድ መስመር የተሰደሩ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። ከእነሱ በስተሰሜን ቀላ ብሎ የሚታየው እሱ ነው።