ትምህርት ዐሥራ አራት፦ አነጻጽሮ መጻፍ

ሁለት ነገሮችን አነጻጽሮ መጻፍ ማለት አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን በአንድ ዐይነት መመዘኛ እየለኩ ማሳየት ነው። የአንዱን ፍጥነት ነቅፎ የሌላውን ውበት ማወደስ ማነጻጸር አይባልም፤ ፍጥነት ከፍጥነት፣ ውበት ከውበት ጋር ሊመዘን ይገባል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡና ጸሐፊው የተጠቀመባቸውን መመዘኛዎች ለዩ።

ምንባብ፦ ደጋንና ሞተር

ቻናፓትና በደቡብ ህንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ ከቤንጋሉሩ ወደ ማይሱሩ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የምትታወቀውም ቀለማቸው ባማረ የእንጨት መጫወቻዎች ነው። የመጫወቻዎቹ ስም እ.ኤ.አ. በ2005/06 የትውልድ ቦታ መለያ ሆኖ በህንድ መንግሥት መዝገብ ገብቷል።

በቀድሞው የህንድ ዘዴ እንጨቱ በሁለት ሹል ብረቶች መካከል ይያዛል። ሠራተኛው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን የደጋን ገመድ በአንድ እጁ ወዲያና ወዲህ ይስባል፤ በሌላው እጁና በእግሩ ጣቶች ደግሞ መሮውን ይመራል። እንጨቱ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚሽከረከር፣ መሮው የሚቆርጠው በአንደኛው ጉዞ ብቻ ነው። በመልሱ ጉዞ ሥራው ይቋረጣል።

በሞተር ኃይል በሚሠራው ቶርኖ ግን እንጨቱ ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራል። ሠራተኛው ሁለቱንም እጆቹን ለመሮው ስለሚያውል ሥራው ይፈጥናል፤ ድካሙም ይቀንሳል። በአንጻሩ አደጋው ይብሳል። ልቅ ልብስ ወይም ያልታሰረ ጠጉር በሚሽከረከረው እንጨት ቢጠመጠም፣ ሞተሩ ሠራተኛው ማቆሚያውን እስኪነካ ድረስ አይታገሠውም። ደጋኑ ክንድ ሲቆም አብሮ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ሥራ ይፈታል፤ ደጋኑ ግን የሰው ጉልበት እስካለ ድረስ ይሠራል።

በአቀባብ ረገድ ሁለቱ ዘዴዎች ይመሳሰላሉ። ላክ የሚባለው፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ከቀለም ጋር ተደባልቆ እንደ በትር ይዘጋጃል። በትሩ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ ሲጫን ከፍትጊያው በሚወጣው ሙቀት ይቀልጥና እንጨቱን ይለብሳል። ከዚያም በቅጠል እየታሸ ይወለወላል።

ከሁሉም በላይ፣ በሁለቱም ዘዴ የመጫወቻውን ቅርጽ የሚወስነው መሮውን የሚመራው እጅ ነው። ሞተሩ የተካው ክንድን እንጂ ዐይንን አይደለም። እንግዲያውስ «በሞተር የተሠራ የእጅ ሥራ አይባልም» ማለትም ሆነ «የቀድሞው ዘዴ ኋላ ቀር ነው» ማለት ሳይመዝኑ መፍረድ ነው። በሠራው ቁጥር ልክ ለሚከፈለው ሰው ፍጥነት የቤተሰቡ እንጀራ ነው፤ ጣቱን ላጣ ሰው ግን ፍጥነቱ ምን ይጠቅመዋል? ጥንቃቄን ያላካተተ ንጽጽር ጎደሎ ነው።

የሰዋስው ማስታወሻ

ልዩነትን ለማሳየት «ግን»፣ «በአንጻሩ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን፣ ተመሳሳይነትን ለማሳየት ደግሞ «እንዲሁም»፣ «በሁለቱም ዘንድ» የሚሉትን እንጠቀማለን። «እንጂ» የሚለው ቃል ቀድሞት የመጣውን ያጸናል፤ ተከትሎት የመጣውን በአሉታ ግሥ ያፈርሳል። «ክንድን እንጂ ዐይንን አይደለም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ክንድ ጸንቷል፤ ዐይን ፈርሷል።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ ውስጥ ሁለቱ ዘዴዎች የተነጻጸሩባቸውን አራት መመዘኛዎች ጻፉ። ልዩነት የታየባቸውንና አንድነት የታየባቸውን ለይታችሁ አመልክቱ።

ለ. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች «እንጂ» በሚለው ቃል አንድ አድርጓቸው፦ ደጋኑ የሰው ጉልበት ይጠይቃል። ደጋኑ መብራት አይጠይቅም።

ሐ. እህልን በድንጋይ ወፍጮ መፍጨትንና በሞተር ወፍጮ ማስፈጨትን የሚያነጻጽር ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት በድንጋይ ወፍጮ የፈጩ እናቶችን ጠይቁ። ፍርዳችሁን ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት አታሰሙ።