ትንሿ መኪና ምን ታስተምረናለች?



ለዚህ እትም ያዘጋጀነው ትምህርት ስለ ትናንሽ የመኪና ምስሎች አሠራርና አሰባሰብ ነው። ርእሱን አይተው «ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለምን?» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። በእርግጥም ጨዋታ ነው። ሆኖም ጨዋታው ልኬትን፣ ሒሳብን፣ ትዕግሥትንና የእጅ ሙያን በውስጡ ይዟል። ከዚህም በላይ አገራችን ለእጅ ሥራ የቆየ አመለካከቷን የሚነካ ጉዳይ አለበት። ስለዚህ በአምስት ክፍል ከፍለን እንመለከተዋለን።

ሀ. የሽቦዋ መኪና

ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በግሼዋ ራቤልም ሆነ የጀማን ሸለቆ ተሻግረው በሚደርሱባት በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ፣ መኪና ሲያልፍ ቆሞ የማያይ ልጅ ጥቂት ነው። አይቶም ዝም አይልም። ከብት ሲጠብቅ በጭቃ ይሠራዋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሽቦና ጣሳ መልቀም ይጀምራል። ለሻንሲው ሽቦ፣ ለጋቢናው የሰርዲን ጣሳ ወይም የዘይት ቆርቆሮ፣ ለጎማው ቆርኪ ወይም ካለቀ ሸበጥ ላይ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ሶል ያዘጋጃል። መሣሪያው ድንጋይና ምስማር፣ ቢገኝም አንድ ፒንሳ ነው። ከዚያም በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ መሪ አበጅቶ፣ ቆሞ እየሮጠ ይነዳዋል።

እነዚህን መኪናዎች አቅርቦ ያየ ሰው የሚገርመው ልጁ ያስተዋለው ነገር ብዛቱ ነው። የፖርቶ መጋላው መሰላል፣ የስፖንዳው መቆለፊያ፣ የፓራውርቱ አጣጣፍ ሁሉ በቦታው አለ። አይሱዙ የሠራ ልጅና ላንድ ክሩዘር የሠራ ልጅ ሥራቸው አይምታታም። እንዲያውም በአገራችን መንገድ «ቅጥቅጥ» የሚባለው አውቶቡስ ስሙን ያገኘው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሚገጠመው አካል አገር ውስጥ በእጅ እየተቀጠቀጠ ስለሚሠራ ነው። እንግዲህ ጣሳ የሚቀጠቅጠው እረኛና የአውቶቡስ አካል የሚሠራው ባለጋራዥ የሚለያዩት በሥራው ስፋት እንጂ በዓይነቱ አይደለም።

አንድ ልዩነት ግን ልብ ሊባል ይገባል። በሽቦዋ መኪና የፊተኛው አክስል መካከሉ ላይ በአንድ ችንካር ተይዞ እንዳለ ይዞራል። በእውነተኛው መኪና ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ችንካር ይዞራል። ምክንያቱም መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ትንሽ ክብ፣ የውጭው ጎማ ሰፊ ክብ ይዞራሉ፤ ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ መንሸራተቱ አይቀርም። ይህን ዘዴ በ1817 እ.ኤ.አ. ያገኘው ጀርመናዊው ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፔርገር ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር የባለመብትነቱን ወረቀት ያወጣው አከርማን በመሆኑ ዘዴው እስከ ዛሬ በአከርማን ስም ይጠራል። መኪና ራሱ ገና ሳይፈጠር መታጠፊያው በፈረስ ሠረገላ ላይ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

ለ. በፋብሪካ የሚሠሩት

በሌላው ዓለም ትናንሽ መኪናዎች በሁለት መንገድ ይገኛሉ። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀ የብረት መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑሉ ሜካኖ ኩባንያ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዲንኪ» በሚል ስም እነዚህን ሸጧል። በ1953 ደግሞ «ማችቦክስ» ማለትም «የክብሪት ሣጥን» የተባሉት መጡ። ስለ ስሙ የሚተረከው እንዲህ ነው፦ የአንደኛው መሥራች የጃክ ኦዴል ልጅ ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ከክብሪት ሣጥን የሚበልጥ አሻንጉሊት ይዞ መግባትን ስለ ከለከለ፣ አባቷ በሣጥኑ ልክ አነስተኛ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት።

ሁለተኛው መንገድ ተበታትኖ የሚሸጥና ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ክፍሎቹ በቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ፍሬ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው። ሠሪው መመሪያውን እያነበበ በትንሽ ፒንሳ ይቆርጣል፤ ጠርዙን በሞረድ ያለሰልሳል፤ ሳይለጥፍ አስቀድሞ ገጥሞ ይሞክራል፤ ከዚያም ይለጥፋል። ማጣበቂያው እንደ ተራ ሙጫ በሁለቱ መካከል የሚደርቅ አይደለም። የፕላስቲኩን ፊት አሟምቶ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፤ ይህም ብረትን ከመበየድ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ከተለጠፈ በኋላ መመለስ የለም።

የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። በ1946 እ.ኤ.አ. በሺዙኦካ ከተማ ሲቋቋም እንጨት ሰንጣቂ ነበር። ከዚያም ከእንጨት የመርከብ ምስሎችን ሠራ። በ1951 ቃጠሎ ንብረቱን አወደመበት፤ ነገር ግን ሥራውን አልተወም። በ1960 ወደ ፕላስቲክ ተሻግሮ በዓለም የታወቀ ሆነ። በ1970ዎቹ የፖርሽ መኪናን በትክክል ለመሥራት አንድ እውነተኛ መኪና ገዝተው ፈታትተው እስከ መለካት ደርሰዋል። ትንሹን ነገር በሚገባ ለመሥራት ትልቁን ማወቅ ግድ ነውና።

ሐ. ልኬቱ

በሣጥኖቹ ላይ 1 ለ 24፣ 1 ለ 43፣ 1 ለ 64 የሚል ይጻፋል። 1 ለ 24 ማለት በእውነተኛው መኪና ላይ ያለ 24 ሳንቲ ሜትር በትንሹ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሁላችን የምናውቃትን ቮልስዋገን እንውሰድ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መካከል 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ርዝመቷ ወደ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በትንሿ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ማስመሪያ የሌለው ልጅስ? ለእርሱም መንገድ አለው። ክንዱን በጋት የለካ ሰው እንደሚያገኘው፣ አንድ ክንድ ወደ 6 ጋት፣ አንድ ጋትም 4 ጣት ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ 24 ጣት ነው። እንግዲህ ልጁ የቆመውን መኪና በክንዱ ለክቶ፣ ስለ እያንዳንዱ ክንድ አንድ ጣት ሽቦ ቢቆርጥ፣ ሳያውቀው በ1 ለ 24 ልኬት ሠራ ማለት ነው። ዘጠኝ ክንድ መኪና ዘጠኝ ጣት ይሆናል። የአያቶቻችን ልኬትና የፋብሪካው ልኬት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሁሉም ነገር ግን እኩል አያንስም። ርዝመት በ24 ሲያንስ ስፋት በ576፣ ይዘት ደግሞ በ13,824 ያንሳል። 800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከነብረቱ እንዲሁ ቢያንስ 58 ግራም ብቻ ይሆናል። ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ጥንካሬ የሚከተለው የወርዱን ስፋት፣ ክብደት የሚከተለው ይዘቱን ስለሆነ፣ ትንሽ ነገር ከትልቁ ይልቅ ራሱን መሸከም ይቀለዋል። የሽቦዋ መኪና ከገደል ወድቃ ተነሥታ የምትሮጠው ስለዚህ ነው። ውፍረትም እንዲሁ ነው። የመኪና ቆርቆሮ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1 ለ 24 ከወረቀት ይሳሳል፤ ሊሠራበትም አይቻልም። ስለዚህ ሠሪው በየትኛው ነገር እውነተኛውን እንደሚመስልና በየትኛው እንደሚተወው መምረጥ አለበት። የምሕንድስና ትምህርት ጅማሬው ይህ ምርጫ ነው።

መ. ባለእጅነት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀብለው ተሳፈሩባት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ነገር አደረጉ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው ያስተምራል። መኪናውን እየፈለጉ ቀጥቃጩን መናቅ አብሮ አይሄድምና።

ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ የሰንበት ት/ቤቱን ሕፃናት ሰብስበን በክንድና በጣት ልኬት የጣሳ መኪና እናሠራ ነበር። የአንዱ ልጅ አባት መጥተው፦ «ልጄን ለትምህርት ሰጠኋችሁ፤ ቀጥቃጭ ልታደርጉት ነው እንዴ?» አሉን። እኛም፦ «አባታችን፣ እርስዎ ሞፈርና ቀንበሩን ሲጠርቡ በምን ይለካሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «በምን እለካለሁ፤ በክንዴና በስንዝሬ ነዋ!» አሉ። ልጃቸው ያን ጊዜ ሽቦውን በጣቱ እየለካ ነበር። ጥቂት ቆመው አዩት። ከዚያም እንዲቀጥል ፈቀዱለት፤ ነገር ግን፦ «ቅጥቀጣውን ጓሮ ያድርገው፤ መንገደኛ አይየው» ብለው ሄዱ።

እኒህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጃቸው የፈሩለት እርሳቸው ሲያድጉ የሰሙትን ስድብ ነው። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው ሽቦ አጥፎ መሪ የሚያዞር ልጅ፣ ጓሮ ተደብቆ እንዲሠራ ከተነገረው፣ ጥቂት ቆይቶ ይተወዋል። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ስሌቱን በወረቀት ላይ ጨርሶ ሞረድ ሲሰጡት የሚደነግጥ ተማሪ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ጓደኞች በየክፍላችን አሉ፤ ዕውቀት አላነሳቸውም፤ እጃቸው ግን ሳይማር ቀርቷል። የመንዝን ባናና በርኖስ ለብሰን ብርዱን የምናልፍ ሰዎች ሸማኔውን ብንንቅ ራሳችንን መናቃችን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል ስለ ወርቅ፣ ስለ ናስና ስለ እንጨት ሥራ ጥበብ እንደ ተሰጠው ተጽፎ ስናነብ፣ የእጅ ጥበብ ከስጦታ እንጂ ከነውር አለመቆጠሩን ልብ እንበል።

ሠ. እንዴት እንሥራ? እንዴትስ እንሰብስብ?

1ኛ. አስቀድሞ ማየትና መለካት ይገባል። ልጁ የሚሠራውን መኪና ቆሞ ያግኝ፤ ርዝመቱን፣ ቁመቱንና የጎማዎቹን ርቀት ይጻፍ።

2ኛ. ጥንቃቄ አይጓደል። የተቆረጠ ጣሳ ጠርዙ ስለት ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። የፕላስቲክ ማጣበቂያና ቀለም የሚተነውን ሽታ በተዘጋ ቤት መሳብ ጎጂ ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተቀጥቅጦ አይከፈት።

3ኛ. ስብስብ ማለት ማከማቸት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መኪና ካርድ ይኑረው፤ በካርዱም ላይ ማን እንደ ሠራው፣ የት፣ መቼ፣ ከምን ዕቃ፣ የትኛውን መኪና አይቶና በስንት ልኬት እንደ ሠራው ይጻፍ። ካርድ የሌለው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተራ ጣሳ ነው። ካርድ ያለው ግን በዚያ መንገድ ምን ዓይነት መኪና ያልፍ እንደ ነበር ይመሰክራል።

4ኛ. ዋጋ አይመራን። የገጣጣሚ ሣጥን ከውጭ አገር የሚያመጣለት ዘመድ ያለው ወንድም በሣጥኑ አይመካ፤ የሌለውም አይፈር። ሣጥኑን ያልከፈተ ሰብሳቢ ሣጥን እንጂ ሥራ የለውም።

የልጆች የሽቦ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ መጨረሻቸው የቆራሌው ጆንያ ነው። በየሰንበት ት/ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት መደርደሪያ ብናቆም፣ ልጁ ሥራውን ከጓሮ አውጥቶ ሰው በሚያየው ቦታ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ አባቱም ቆመው ያዩታል፤ የጎረቤቱም ልጅ ይቀናበታል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሁላችን ልንጀምረው የምንችለው ሥራ ስለሆነ፣ በየአጥቢያችሁ እንድትነጋገሩበት አደራ እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ርዝመቱ 4 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና በ1 ለ 24 ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል?
2. የሽቦዋ መኪና አቅጣጫ የምትቀይርበት መንገድ ከእውነተኛው መኪና በምን ይለያል?
3. በአካባቢያችሁ በሙያው የሚናቅ ሰው አለን? ልጆቹ ሙያውን ይማሩታልን? ካልተማሩት፣ ከእርሱ በኋላ ሥራውን ማን ይሠራዋል?