«ኤራጎን» ለምን ቅር ያሰኛል?

ስለ ወጣቶች ልቦለድ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ላይ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ጥያቄው ለዚህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅምም። የሚሻለው አንድ መጽሐፍ ወስዶ ለአንባቢው የገባውን ቃል የት ላይ እንዳጠፈው ማየት ነው። ለዚህ የመረጥኩት የአሜሪካዊውን የክሪስቶፈር ፓኦሊኒን «ኤራጎን» ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1983 የተወለደ ሲሆን፣ ሞንታና ውስጥ እቤቱ ሆኖ የተማረና መጽሐፉን በ15 ዓመቱ መጻፍ የጀመረ ልጅ ነበር። በ2002 ቤተሰቡ በራሱ ወጪ አሳተመለት፤ በ2003 ክኖፍ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ተረከበውና ዓለም አወቀው። በ2006 ደግሞ ፊልም ሆነ። ይህን የማነሳው «ለልጅ ሥራ ምን ይላል!» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ሙገሳ ንቀት ነው፤ አንባቢም ጊዜውን ሰጥቶ ያነበበውን መጽሐፍ በዕድሜ ቅናሽ እያደረገ አይመዝንም።

ኤራጎን ከአጎቱ ጋር የሚኖር የ15 ዓመት የገበሬ ቤት ልጅ ነው። ተራራ ላይ ያገኘው ሰማያዊ ድንጋይ የድራጎን እንቁላል ሆኖ ይፈለፈላል። የንጉሥ ጋልባቶሪክስ ሰዎች አጎቱን ሲገድሉበት ብሮም ከሚባል ሽማግሌ ጋር ለበቀል ይወጣል። (ድራጎንን «ዘንዶ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ዘንዶ ሲባል ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሥር የተጋደመው ነው፤ የዚህ መጽሐፍ ሳፊራ ግን የልብ ጓደኛ ናት።)

በመጽሐፉ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማው ወቀሳ ሴራው ከ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ፊልም ተቀዳ የሚል ነው። እዚያም አጎቱ የተገደለበት የእርሻ ልጅ፣ ሰይፍ የሚያስረክበው ሽማግሌ፣ ከመያዟ በፊት ውዱን ነገር ያሸሸች ልዕልት አሉ። ወቀሳው እውነት ነው። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልፈርድበትም። ሴት አያቶቻችን ያንኑ የጦጣና የጅብ ተረት ሲደጋግሙልን «ይሄንንማ ሰምተነዋል» ብለን አልተነሳንም፤ ስንጠብቅ የነበረው አነጋገራቸውን ነው። ስለዚህ ቅሬታው ከሌላ ቦታ ይመጣል ማለት ነው።

ከየት? ከራሱ ከመጽሐፉ ሕግ። በ«ኤራጎን» ዓለም አስማት በነጻ አይገኝም። አንድ ነገር በጥንታዊው ቋንቋ ቃል ሲሠራ በእጅ ቢሠራ የሚጠይቀውን ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ከአቅሙ በላይ የሞከረም ይሞታል። ይህ ግሩም ሕግ ነው። አንባቢው «እዚህ አገር ሁሉም ነገር ዋጋ አለው» ብሎ ያምናል፣ መግደልም ጭምር ዋጋ እንዲኖረው ይጠብቃል።

አሁን ያዙዋክ የምትባለውን መንደር እንይ። ኤራጎንና ብሮም ሲደርሱ ነዋሪዎቹ ታርደው ተከምረዋል፤ ክምሩ ላይ በጦር የተወጋ ሕፃን አለ። ደራሲው ይህን ያህል ከባድ ነገር ፊታችን አምጥቶ ሲያበቃ ወዲያው ኡርጋል የሚባሉት ቀንዳሞች ይመጣሉ፣ ኤራጎን «ብሪሲንገር» ብሎ ቀስቱን ይወረውራል፣ አስማተኛነቱ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የታሪኩ ዓይን የሚያተኩረው በልጁ አዲስ ችሎታ ላይ ነው፤ ተግሳጹም ትምህርቱም ስለ አስማት ነው። ያ ሕፃን ለምን እዚያ ተቀመጠ? ለጀግናው ኃይል መግለጫ እንዲሆን ነው? እኔ መጽሐፉን የታዘብኩት እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ይብሳል፣ ምክንያቱም ደራሲው ጥያቄውን ራሱ አንስቶታል። ሙርታግ የተባለው ወጣት ቶርከንብራንድ የሚባለውን የባሪያ ነጋዴ ራሱን መከላከል በማይችልበት ሰዓት አንገቱን ይቆርጠዋል። ኤራጎን ይቆጣል፣ ሙርታግም ይከራከራል። በመጽሐፉ ሁሉ እንደዚህ ቦታ የሞቀ ንግግር የለም፤ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸውና። ኤራጎን እስከዚያ ድረስ ስንቱን ጥሏል! ታዲያ በቀስት የወደቀውና በሰይፍ የተቀላው ልዩነታቸው ምንድን ነው? መልሱ ሳይመጣ አሳዳጅ ይደርስና ሩጫ ይሆናል። በቃ።

በእርግጥ የሚያምሩ ቦታዎች አሉ። ሳፊራ የብሮምን የድንጋይ መቃብር ወደ አልማዝ የምትለውጥበት ክፍል ልብ ይነካል። ብሮም በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የራሱም ድራጎን ሳፊራ ትባል እንደነበር መናገሩም እንዲሁ። እንግዲህ ይህ ልጅ ሐዘንን መጻፍ ይችል ነበር። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ባይችልማ ኖሮ መጽሐፉን ዘግተን እናርፍ ነበር።

ተከታዮቹ ጥራዞች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ኤራጎን ዱርዛን ሲገድል ሁለት ነገር ይከፈላል፦ ጀርባው ክፉኛ ይቆስላል፣ የድንኮቹ ታላቅ ዕንቁም ይሰባበራል። በ2005ቱ «ኤልደስት» ቁስሉ በአንድ በዓል ሌሊት በድራጎኖች ተአምር ይድናል፣ እንዲያውም ከበፊቱ በልጦ ይነሳል። በ2008ቱ «ብሪሲንገር» ሳፊራ ዕንቁውን መልሳ ትገጥመዋለች። ሒሳቡ ተመላሽ ሆነ ማለት አይደል? ደራሲው ኡርጋሎችን ከጀግኖቹ ጎን በማሰለፍ የቀደመ አሳሳሉን ማረሙ ያስመሰግነዋል፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ሳር የታጨዱት ግን የሚጠይቃቸው አላገኙም።

ፓኦሊኒ በ2023 «ሙርታግ» የሚል መጽሐፍ አውጥቷል፤ ዋና ገጸባሕርይው ያው ሰይፍ መዛዡ ነው። የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ያንን መጽሐፍ ቢያነብ ቶርከንብራንድን እየፈለገ እንዲያነብ እመክራለሁ።